ቄስ የቀመሱት በርገር

ዛሬ ፍኖተ ሰላም ባለው ቤቴ የተቀቀለ ባቄላ በሹካ ስደፈጥጥ ነጭ ሽንኩርቱ ሸተተኝና የቡሬው ቤታችን ትዝ አለኝ። ልጅ ነበርሁ፤ ጊዜው ሁዳዴ። እናቴ ከሕመም ተነሥታ ገና መራመድ መጀመሯ ነው። ሐኪም እንቁላልና ወተት አዘዘላት። የንስሐ አባታችንም ለታመመ ይፈቀዳል አሏት። እሷ ግን ሁዳዴን ሽሬ በምን ፊቴ ፋሲካን ልቀበል ብላ እንቢ አለች። ሽሮው ሰለቻት፤ ምስሩም አልወርድ አላት። ክንዷ በየቀኑ ሲቀጥን እያየሁ ትሞትብኛለች ብዬ ፈራሁ።

ባሕር ዳር የምትማረው ታላቅ እህቴ እታለም ለዕረፍት መጥታ ነበርና የጾም በርገር ልሥራላት አለች። ባቄላውን ከድንች ጋር ደፍጥጣ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ከትፋ ጨመረችበት። እንዲይዝላት የሽሮ ዱቄት ነሰነሰች። ጠፍጠፍ አድርጋ ዘይት በነካ መጥበሻ ላይ አገላበጠችው፤ ከቲማቲምና ከሰላጣ ጋር ክብ ዳቦ ውስጥ ከታ አቀረበችላት። እኔ ምራቄን ዋጥሁ።

እናቴ ዳቦውን ከፈት አድርጋ አየችና መልሳ ከደነችው። «አንቺ ልጅ፣ እናትሽን ጾም አስገድፊ ብለው ነው የላኩሽ?» አለቻት። ባቄላ ነው ብንላት ማን ሰምቶን። ቄሱ ቀምሰው ካልነገሩኝ አልነካውም አለች።

እታለም ቅዳሴ እስኪወጣ ደጀ ሰላም ጠብቃ የንስሐ አባታችንን ይዛቸው መጣች። ባርከው ቆረስ አደረጉና ቀስ ብለው አኘኩ። እኛ አፍ አፋቸውን እናያለን። ከዚያ እናቴን በክርስትና ስሟ ጠርተው፣ «ወለተ ሚካኤል፣ ባቄላ ነው። የገደፈው ዓይን ብቻ ነው፤ ብዪ» አሏት።

በላች። ፍርፋሪውን ሳይቀር ለቅማ ጨረሰችው። እታለም ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ፋሲካ እስኪገባ ምግቧ ያው ሆነ፤ ክንዷም መልሶ ሞላ።

እናቴ ዘንድሮ አረፈች። አርባዋም ወጣ። ሰው እግዜር ያጥናሽ ይለኛል፤ እኔ እንደሆንሁ ልቅሶውም አልመጣልኝ። እጄ ይሠራል፣ እግሬ ይሄዳል፣ ሌላው ዝም ብሏል። ቅድም እታለም ደውላ «እህል ቀመስሽ?» አለችኝ። እየሠራሁ ነው አልኋት።

በርገሩ ፊቴ ተቀምጦ ቀዝቅዟል። ያኔ እናቴን ያስቸገራት ሥጋ መምሰሉ ነበርና ቄስ ቀምሰው ገላገሏት። እኔ ግን ባቄላ መሆኑን አውቃለሁ፤ እንዳልበላ የያዘኝን ቄስ ቀምሰው አይነግሩኝም።