ያዘነበሉት ፎቶዎች

የሰፈሩ ሰው «ወይዘሪት ጓዳ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ነው፤ ጠዋት ፎቶ ቤቱ የኋላ ክፍል ከገባች ፀሐይ እስክትጠልቅ ስለማትወጣ። ክፍሉ ድሮ ፊልም የሚታጠብበት ነበር፤ መስኮት የለውም። ፊልም ቀርቶ ኮምፒውተር ሲመጣ ኮምፒውተሩ እዚያው ገባ፤ እሷም አብራው ገባች።

አባቷ ሲሞት ገና ተማሪ ነበረች። ፎቶ አንሺው አጎቷ፣ የእናቷ ወንድም፣ «እኔ እያለሁ የት ትወድቃላችሁ?» ብሎ እናትና ልጅን ከነዕቃቸው ወደ ግቢው አመጣቸው። ሁለት ክፍል ሰጣቸው፤ እሷን ትምህርቷን አስጨረሳት፤ ሥራም አስተማራት። አንድ ቀን እንኳ ውለታውን አንስቶ አያውቅም። እናቷ ግን ልብስ ስታጥብም፣ ምሳ ስታቀርብም «እሱ ባይኖር ኖሮ» ሳትል ውላ አታድርም።

አጎቷ በከተማው ስሙ የተጠራ ነው። እሱ ያላነሳው ሰርግ ሰርግ አይመስልም። «የሱ ፎቶ ልክ ነው፤ ቀጥ ያለ ነው» ይሉለታል። እውነቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

አንድ ጊዜ ከሰርግ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ አንገቱ ተጎዳ። ዳነ፤ አንገቱ ግን ወደ ግራ ትንሽ ዘንበል እንዳለ ቀረ። ሰው ስለለመደው አያስተውለውም፤ እሱም ረስቶታል። ከአደጋው በኋላ ያነሳውን የመጀመሪያ ሰርግ ስትከፍት ግን ሙሽሮቹ ቁልቁለት ላይ የቆሙ መሰሏት። ቀጣዩም ሰርግ እንደዚያው ሆነ። ልትነግረው ብድግ አለች። በሩ ጋ ስትደርስ ከደንበኛ ጋር ሲሳሳቅ ሰማችው፤ ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ሲስቅ ሰምታው አታውቅም ነበር። ተመልሳ ተቀመጠችና ፎቶዎቹን ማቃናት ጀመረች።

ማቃናቱ ሲያዩት ቀላል ነው። ፎቶውን ትንሽ ማዞር ነው፤ ሰዎቹ ቀጥ ይላሉ። ነገር ግን ፎቶው ሲዞር ማዕዘኖቹ ከዳር ይወጡና በየጥጉ ባዶ ነጭ ቦታ ይቀራል። ጠርዙን ቆርጬ ልጣለው ካሉ ደግሞ ዳር የቆመችው አክስት ክንዷን ታጣለች፤ የሙሽራዋም ቬሎ ጫፉ ይቆረጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ካንቫሱን፣ ፎቶው የሚያርፍበትን ገበታ ማለት ነው፣ በየአቅጣጫው ታሰፋዋለች። ከዚያ ፎቶውን ታዞረዋለች። ከዚያ ባዶውን ጥግ ከአጠገቡ ካለው ሣር፣ ግድግዳ ወይም ሰማይ እየቀዳች ትሞላዋለች። አንዱን ሰርግ ሳትጨርስ ሌላው ይደርሳል። አጎቷ ፎቶዎቹን የሚያያቸው ከታተሙ በኋላ ነው፤ እያገላበጠ «አይ ዓይን!» ይላል፤ የራሱን ዓይን ማለቱ ነው። እሷ ፈገግ ትላለች።

ዓመታት እንዲህ ሄዱ። እኩዮቿ አገቡ፣ ሥራ ቀየሩ፣ ከተማ ለቀቁ። አንድ ቀን ፎቶ የሚያትሙላቸው የማተሚያ ቤት ባለቤት ራሷ መጣችና አንድ የሰርግ ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በጣቷ ነካችው።

«ይቺን ደመና እያት። እዚህም አለች፣ እዚያም አለች። የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

ልጅቷ ደነገጠች። «ተሳስቼ ነው፤ ቸኩዬ...»

«አትደንግጪ እንጂ! ከኔ በቀር ማንም አያየውም። እንዲህ የሚሠራ ሰው ነው ያጣሁት። እኔ ጋ ነይ። ፎቅ ላይ ነው፤ ብርሃን አለ፤ የምታወሪው ሰው አለ። አስቢበትና ንገሪኝ።»

ያን ቀን ሥራ አልሠራ አላት። ማታ ለእናቷ ነገረቻት። እናቷ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

«ለወንድሜ ምን ብዬ ልንገረው? ልጄ ጠገበችብህ ልበለው?»

«እማዬ፣ ሥራ መቀየር ጥጋብ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ፊቱን የማየው እኔ ነኝ።»

ከእናቷ ኩርፊያ ይልቅ የያዛት ግን ሌላ ነገር ነበር። በሷ ቦታ የሚቀጠር ሰው ፎቶዎቹን በከፈተ በመጀመሪያው ቀን ነገሩን ያውቃል፤ ወሬው ልብስ ሰፊው ጋ ከደረሰ ደግሞ አለቀ። አጎቷ መሳቂያ ሲሆን ታያት። ለማተሚያ ቤቷ ባለቤት «ትንሽ ጊዜ ስጪኝ» አለቻት።

በዚያው ሰሞን አጎቷ አንድ ሰርግ ሲያነሳ የሙሽራው ወንድም «ሩቅ ላሉት ዘመዶች አሁኑኑ ልላክላቸው» ብሎ ፎቶዎቹን ከካሜራው ወደ ላፕቶፑ ገለበጣቸው። በማግስቱ ፎቶ ቤት መጥቶ እየሳቀ «ጋሼ፣ ምነው ሁላችንም የሰከርን መሰልን?» አለው። አጎቷ አልሳቀም። የኋላው ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ።

«የትናንቱን ክፈቺልኝ። ምንም ሳትነኪው።»

ከፈተችለት። አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመኪናው አደጋ ወዲህ ነው፣ ጋሼ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

የወረቀት ካርቶን ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። እጁ አንገቱ ጋ ሄደና እዚያው ቀረ። «አንድ ቀን እንኳ ሳትነግሪኝ፣ ልጄ!»

«እንዴት ብዬ ልንገርዎት?»

ተነስቶ ወጣ። አሳዘናት፤ ግን ደግሞ ከላይዋ የሆነ ሸክም የወረደ መሰላት። ከእንግዲህ የምትሸሽገው ነገር የለም። ነገ እነግረዋለሁ፣ ሌላ ሰው አሠልጥኜለት እሄዳለሁ ብላ ወሰነች።

ጠዋት ግን አጎቷ ቀደማት። እናቷንና ልብስ ሰፊውን በረንዳው ላይ ሰብስቦ ጠበቃት። ካሜራውን ጭኑ ላይ ይዞታል።

«ከዛሬ ጀምሮ ካሜራ አልነካም» አለ። «ስሜን ጠብቃ ያቆየችልኝ ይቺ ልጅ ናት። ፎቶ ቤቱን በስሟ አዛውራለሁ። እሷ ታነሳለች፣ እሷ ታስተካክላለች፤ እኔም እሷን ይዤ እጦራለሁ።»

እናቷ ማልቀስ ጀመረች። ልብስ ሰፊው የልጅቷን እጅ ይዞ አልለቅ አለ። «እንኳን ደስ አለሽ! እንዲህ ነው አጎት!»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ...»

«ምንም እንዳትዪ። ይገባሻል።» ካሜራውን በማንገቻው አንገቷ ላይ አጠለቀላት። ዓይኖቹ እንባ አቅርረው ነበር። የያዘችውን ቃል ዋጠችው።

ለማተሚያ ቤቷ ባለቤት ደውላ የሆነውን ስትነግራት ሴትዮዋ «ሱቅ ያለውን ሰው እንዴት ብዬ ልቅጠር?» ብላ ሳቀች፤ በዚያው ሳምንት ሌላ ልጅ ቀጠረች።

ማታ እናቷ ፊቷን አይታ «ምነው፣ ደስ አላለሽም እንዴ?» አለቻት።

«ደስ ብሎኛል እማዬ። ደክሞኝ ነው።»

እናቷ አመነቻት።

አሁን ቀን ቀን በየሰርጉ ታነሳለች፤ የተረፋትን ሰዓት ደግሞ ኮምፒውተሩ ጋ ተቀምጣ የቆየ ፎቶ ታድሳለች፣ ጉርድ ፎቶ ታስተካክላለች። ሰው ልቅጠር ስትል አጎቷ «ባዳ ምን ያደርግልናል?» ይላታል። እሱ መንገድ ዳር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ደንበኛ ይቀበላል።

«ግቡ፣ ግቡ» ይላቸዋል በኩራት፤ «ባለቤቷ ውስጥ ናት፤ የትም አትሄድም።»