የዓመቱ ምርጥ ተዋናይ፣ ከጉና

በዚያ ዘመን ከእብናት እስከ አንበሳሜ ስለ ፊልም ሽልማት ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው በሻማ ቢፈለግ አይገኝም ነበር። ማን ተሸለመ፣ ማን ተዘለለ፣ ማን ምን ለብሶ መድረክ ወጣ፣ እኔን መጠየቅ ነው። እርግጥ ሥነ ሥርዓቱን አንድም ቀን በዓይኔ አላየሁም። ቴሌቪዥንም ቢሆን ያየሁት አንዴ ጎንደር ሄጄ ነው፤ እሱም ጠፍቶ ነበር። እውቀቴ ሁሉ የተቀዳው ከአንድ ፎቶግራፍ ነው።

ፎቶግራፉ ደብረ ታቦር ከተማችን ውስጥ፣ ገበያው ዳር በሚሠራ ልብስ ሰፊ ሱቅ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ልብስ ሰፊው ከውጭ አገር መጽሔት የቀደደው ለኮቱ ሞዴል ብሎ ነው። ጥቁር ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰውዬ ትንሽ የወርቅ ሰው አቅፎ ያለቅሳል።

«ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው?» አልኩት።

«ብብቱ ላይ ጠብቦት ነዋ። እኔ ጋ አሰፍቶ ቢሆን ይስቅ ነበር።»

ነገሩን ያብራራልኝ ከአዲስ አበባ የተመደበ የታሪክ አስተማሪ ነው። «ሌላ ሰው መስለው ለታዩ ሰዎች የሚሰጥ ሽልማት ነው» አለኝ። «ስሙ ይጠራል፣ ሕዝቡ ቆሞ ያጨበጭብለታል፣ እሱ ደግሞ እናቱን ያመሰግናል።» ከዚያ ቀን ወዲህ እንደ ሰው መተኛት ተውኩ። በዓመት አንዴ ሬዲዮው ስለ ሽልማቱ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጣል ያደርግ እንደሆነ ብዬ ሬዲዮ አቅፌ እከርማለሁ። ዓረፍተ ነገሯ ከመጣች እኔ ለሰፈሩ ሳወራት ግማሽ ቀን ትፈጃለች። የጎደለውን ከራሴ እሞላዋለሁ፤ የተሸላሚዎቹን እናቶች ሁሉ በስም አውቃቸው ነበር።

ሥራዬ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ክብር የራቀ ነበር። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ያዥ ነበርኩ። በየመንደሩ እየዞርኩ «ስብሰባ አለ» እላለሁ፤ ድምፄ ሲሰማ ሰው በጓሮ በር ይወጣል። ውሻው እንኳ ይሸሸኝ ነበር።

አንድ ክረምት የግብርና ሰዎች ፊልም የሚያሳዩባት መኪና ከቀበሌያችን አዳራሽ ፊት ለፊት ተበላሸች። ዕቃ ከአዲስ አበባ ይመጣል ተባለና ክረምቱ ሁሉ ሳይመጣ ቀረ። ከመኪናዋ ጋር የቀረው ፊልም አንድ ብቻ ነው፤ ጉና ላይ የተነሣ፣ ስለ እርከን ሥራ የሚያስረዳ። ሌላ ምን ምርጫ አለን፣ ግድግዳው ላይ አቡጀዲ ወጥረን በየሳምንቱ እሱኑ እናያለን። አንድ ባለሙያ ዱላ ይዞ ስለ አፈር መሸርሸር ያወራል፤ ያወራል። ከኋላው አንድ ገበሬ ያርሳል። ድንገት ቀዩ በሬ ትልሙ መሐል ላይ ቆም ይልና አንገቱን አዙሮ ባለሙያውን ከእግር እስከ ራሱ ያየዋል። ቆይቶ በረጅሙ ይተነፍስና ወደ ሥራው ይመለሳል። ደብረ ታቦር ያን በሬ ወደደችው። ባለሙያው ሲናገር ያስል፣ ያዛጋ፣ ይቁነጠነጥ የነበረ ሕዝብ በሬው አንገቱን ሲያዞር ፀጥ ይላል። ያንን አስተያየት በመንገድ ላይ፣ በወፍጮ ቤት፣ በስብሰባ ላይ ሳይቀር ሰው መቅዳት ጀመረ።

እኔም ቀኔ እንደ ደረሰ ገባኝ። ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር ገብቼ የፊልም ሽልማት እናድርግ አልኩ። ሊቀመንበሩ ያለ ውሳኔ የሚያልቅ ስብሰባንና የበላይ አካልን ብቻ የሚፈሩ ሰው ነበሩ።

«ለማን ነው የሚሰጠው?»

«ለምርጥ ተዋናይ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«መደቡ ምንድን ነው?»

«ሰፊው ሕዝብ።»

«ምርት ይጨምራል?»

«እጥፍ ድርብ።»

ፈቀዱ። አዳራሹ ሞልቶ እጅ በማውጣት መረጠ። ዕጩዎቹ ባለሙያው፣ ገበሬውና ቀዩ በሬ ነበሩ። ለባለሙያው እጃቸውን ያወጡት ሊቀመንበሩ ብቻ ናቸው፤ ዞር ብለው ሲያዩ ብቻቸውን መሆናቸውን አወቁና ጭንቅላታቸውን የሚያኩ መሰሉ። በሬው በጭብጨባ አለፈ። «በሬ አምራች ኃይል ነው» ብለው ሊቀመንበሩም አጸደቁት።

ሐውልቱን አናጢ ጠረበልኝ፤ ለአብዮት በዓል ከተቀባው በር የተረፈውን ቢጫ ቀለም ቀባሁት። ፎቶግራፉ ላይ እንዳለው ራቁቱን ነበር፤ ሊቀመንበሩ አይተው «ይህማ ለወጣቱ አይሆንም» አሉ። ልብስ ሰፊው ካኪ ሱሪና ባለ አራት ኪስ ጃኬት ሰፋለት። «ይህ አያለቅስም» አለኝ ሲያስረክበኝ።

ከዚያ ድንች ሊሸጥ ከመጣ የጉና ሰው ጋር መልእክት ላክሁ፦ ባለ ቀዩ በሬ፣ በሬውን ይዞ ቅዳሜ ቀበሌ ይቅረብ። ለምን እንደሚቀርብ መናገሩን ደስታዬ አስረሳኝ። በዚያ ጊዜ ቀበሌ በሬ ከጠራ ደግሞ ወደ ሠራዊቱ ድስት እንደሚሄድ ሕፃን ያውቃል። ባለ በሬው ገበሬ ደግሞ ከዚያ ጥማድ በቀር ሌላ የላቸውም፤ በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም።

ይባስ ብሎ ቅዳሜ ጠዋት ሊቀመንበሩ ጠሩኝ። «ከሽልማቱ በኋላ በሬው በገዛ ፈቃዱ ራሱን ለዘመቻው ያበርክት። አንተ በድምፅ ማጉያ ታነበዋለህ።» የፊልም ሽልማት ላይ ተሸላሚው ተበላ ብሎ ሬዲዮው ነግሮኝ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ ግቢ ውስጥ ሕዝብ ጢም ብሎ ሳለ ገበሬው መጡ። ሽማግሌዎች ይዘዋል። ዋስ ይዘዋል። በሬም ይዘዋል፤ ግን እሱ አልነበረም። ቀይ መሆኑን ቀይ ነው። የጎድን አጥንቱ ከሩቅ ይቆጠራል፣ አንዱ ቀንዱ ወደ ታች ተቆልምሟል፣ ቢያስነጥሱበት ይወድቃል። ገበሬው ዋናውን በሬ ደብቀው አንዱን ለሞት የቀረበ ተውሰው መምጣታቸው ወዲያው ገባኝ። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ክረምቱን ሙሉ የበሬውን ፊት ሲያጠና የከረመ ሕዝብ ነው። ጉርምርምታው ተነሣ።

«ምነው እንዲህ ከሳ?» አለች አንዲት ጠላ ሻጭ ጮክ ብላ።

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሩ። «እሱ ነው?»

ገበሬው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። አይደለም ብል ቀበሌን በማታለል ይታሰራሉ፣ በሬውም ከተደበቀበት ይጎተታል። ነው ብል ሐሰቱ የእኔ ይሆናል። ድምፅ ማጉያውን ወደ አፌ አስጠጋሁ።

«እሱ ነው። ፊልም ያወፍራል።»

ሊቀመንበሩ ይህን ድሮም እንደሚያውቅ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሕዝቡ ተያየ። ከዚያ ጠላ ሻጯ፣ «አዎ፣ እሱ ነው፣ ዓይኑ ያው ነው» አለች። ሌላውም ተቀበለ፤ ጆሮውንም፣ ጅራቱንም መሰከሩለት። ሊቀመንበሩ በሬውን አንዴ ዞሩትና፣ «ይህ እንኳን ድስት፣ ብርጭቆም አይሞላ» ብለው በጆሮዬ ሹክ አሉኝና የመዋጮውን ነገር ተዉት።

ሐውልቱን ለገበሬው ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩት።

«መቼ ነው የምመልሰው?»

«የእርስዎ ነው አባቴ፣ አይመለስም።»

«ወለድ የለውም?»

«የለውም።»

አላመኑኝም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ ፊት ወጥተው፣ «ጓድ ጌታዬ፣ ቀዩ በሬ ከእንግዲህ እንዳይጠራ በሕዝብ ፊት ቃል ይሰጠን» አሉ። ሊቀመንበሩ የዚያን አጥንት ዋጋ ስላዩት ቃል መስጠቱ አላስቸገራቸውም። ድምፅ ማጉያውን ከእጄ ወስደው፣ «የተሸለመ በሬ አይነካም» አሉ። የትኛው ቀይ በሬ እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። በማግሥቱ ከጉና እስከ ከተማው ያለ ገበሬ ሁሉ ላሙን፣ በቅሎውን፣ ፍየሉን ለሽልማት ሊያስመዘግብ ተሰልፎ አገኘሁት።

ያን ቅዳሜ ግን ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። የውሰቱ በሬ መሐል ላይ ቆሞ እበቱን ጣለ፤ ጭብጨባው ባሰ። ገበሬው በሬውን እየሳሙ ይስቃሉ፣ ሽማግሌዎቹ ይመርቃሉ። የአንድ ቤት እርሻ መትረፉን አስቤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ድምፅ ማጉያዬን ይዤ ዳር ቆሜ ጥርሴን ነክሻለሁ። ቀናሁ። በበሬ ቀናሁ፤ ያውም በፊልሙ ባልነበረው በሬ።