እናቴ የተንቀሳቀሰችበት ፎቶ

ባለፈው እሑድ ቢቸና ቤቴ ደጃፍ ፀሐይ ስሞቅ የልጅ ልጄ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። በጓደኛዋ ሰርግ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች ስታሳየኝ ስልኩ ከመካከላቸው ጥቂቶቹን ለይቶ አወጣ።

«እነዚህ ጥሩ አይደሉም፣ ይጥፉ ወይ እያለ ነው፣ አባባ» አለችኝ።

«ማንን ጠይቆ?»

«ማንንም አይጠይቅም። ራሱ አይቶ ነው የሚለየው።»

እንዲህ ያለ ሰው በወጣትነቴ ሞጣ ላይ አውቅ ነበር።

ያን ጊዜ የምንኖረው ከሞጣ ወጣ ብሎ ነው። ታላቅ ወንድሜ አያልነህ ወታደር ሆኖ ሩቅ አገር ነበር። አክስታችን ስታርፍ ወሬው ተዛብቶ እናትህ ሞተች ተብሎ ደረሰው። ደኅና ናት ብንለው አላመነም። እኛ አገር በሩቅ ላለ ሰው መርዶ ይደበቃል፤ እሱም ይህን ያውቃል። በፈቃድ የመጣ አንድ የጦር ጓደኛው፣ የአምበር ከተማ ልጅ፣ መልእክቱን አደረሰን፦ «ፎቶዋን ካላየሁ ጦሩን ጥዬ እመጣለሁ ብሏል።» ጥሎ ከመጣ እስር ቤት ነው የሚገባው። የአምበሩ ልጅ ደግሞ በማግስቱ ሊመለስ ነው።

ፎቶ ላስነሳት እናቴን ይዤ በእግር ወደ ሞጣ ወጣሁ። ጥቅምት ነበር፤ ጭቃው ደርቆ ማሳው በኑግ አበባ ቢጫ ሆኗል። እናቴ በሶ ቋጥራ ነበርና ምንጭ ዳር ጨብጣ አጎረሰችኝ። ጢም አውጥቼ እንኳ ማጉረሷን አልተወችም።

የሞጣው ፎቶ አንሺ ሁለት ጊዜ አነሳት። አጥቦ ሲያወጣ ግን የሚያየው ፊቷን ሳይሆን የነጠላዋን ጥለት ነው። የጥለቱ መስመር አንድ በአንድ ከተለየ ፎቶው ጥሩ ነው፤ ካልተለየ ቅርጫት ውስጥ ይጥለዋል። የተነሳውን ሰው አይጠይቅም።

«ይኸው፣ እንደ መስታወት የጠራ» ብሎ አንዱን ሰጠን።

እናቴ ተቀብላ አየችው። ለእህቷ ሐዘን ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ ፎቶው ላይ ደግሞ ዓይኗ ተከድኗል።

«ልጄ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ወንድምህ ይኼንን ካየማ ተገንዛ ነው የተነሳችው ይላል።»

«እማማ፣ ጥለቱን ይዩት እንጂ» አላት ፎቶ አንሺው።

«ጥለቱንማ ሸማኔው ይየው።»

እንደገና እንዳያነሳት ፊልሙ አልቋል። ጎንበስ ብዬ ቅርጫቱን ፈተሽሁ። በጣለው ፎቶ ላይ እናቴ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ እጇን አንስታ፣ አፏን ከፍታ፣ ደብዝዛ ጭስ መስላለች። ሲያነሳት «ተው አትጉበጥ፣ ቀና በል» እያለችኝ ነበር።

«እሱ አይሆንም፤ ተንቀሳቅሳለች» አለ ሰውየው።

«እሱን ነው የምንፈልገው» አልሁት።

የአምበሩ ልጅ ያንኑ ይዞ ሄደ። አያልነህ ጥሎ አልመጣም። ኋላ በፈቃድ ሲመጣ እንደነገረን፣ ፊቷን በቅጡ እንኳ አልለየውም፤ የተነሳውን እጇን አይቶ «አሁን ደግሞ ማንን ነው የምትቆጣው?» ብሎ ብቻውን ሳቀ።

ፎቶ አንሺውም ስልኩም አልዋሹም። የጠራውን ከደበዘዘው መለየት ሙያ ነው፤ እኔ ዓይኔ ደክሟል፣ አልችልበትም። ግን ያ ፎቶ ማን ዘንድ እንደሚሄድ፣ የሚጠብቀው ሰው ምን እንደጨነቀው ወረቀቱን አይቶ ማን ሊያውቅ ይችላል?

የልጅ ልጄ ሰምታኝ ስታበቃ «እና ምን ላድርጋቸው?» አለችኝ።

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ» አልኋት፣ «ሙሽራዋን ጠይቂያት።»