እጄን ያቆመው ገጽ

ጋሼ ዘነበ መጽሐፉን ሳይጽፍ ሽፋኑን ያሠራ ሰው ነው። ነቀምት ገበያ አጠገብ ጨርቅ ይሸጣል፤ እኔ ደግሞ ከሱቁ ፊት ለፊት ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ከስድስት ዓመት በፊት አገጩን በእጁ ደግፎ፣ ዓይኑን ወደ ጣሪያ ሰቅሎ ፎቶ ተነሣና «ቀለሟ፣ ከበላዩ ‹ደራሲ ዘነበ› ብለሽ ጻፊበት» አለኝ። «ልቦለዱስ?» ስለው «እሱ ይደርሳል» አለ።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ በመጠቅለያ ወረቀት ላይ የጻፈውን ይዞ ይመጣል። እኔ እተይባለሁ፤ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ የኪቦርዱን ድምፅ ያዳምጣል። አንድ ቀን ሳላስበው የሙያዬን ምስጢር አወጣሁለት። እኛ የምንተይበውን አናነብም፤ ጽሑፉ ከያዘን ግን እጃችን ይቆማል። እኔ ስንቱን ማመልከቻና የመመረቂያ ጽሑፍ ሳልቆም ጨርሻለሁ! ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰውዬው ምኞት አንድ ብቻ ሆነ፤ እጄ እንዲቆም። እጄ ደግሞ አልቆም አለ።

የጎዳው ደግነቱ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ አንድም ክፉ ሰው አልነበረም። አንድ ሌባ ነበር፤ የጉቴ ሰው ሆኖ ጀመረ። «የጉቴ ሰዎች ደንበኞቼ ናቸው፤ ይቀየሙኛል» ብሎ ወደ ኑኑ ቁምባ አዛወረው። እዚያም አንድ ደንበኛ ትዝ አለውና ሌባው አዲስ አበባ ገባ። አዲስ አበባ ደግሞ ጨርቅ የሚልክለት ነጋዴ አለ። በመጨረሻ ሌባው የሰረቀውን በሬ ራሱ ነድቶ መለሰ፤ ባለበሬውም ምሳ ጋበዘው። ምሳው ብቻ አሥራ አንድ ገጽ ፈጀ።

ትዕግሥቴ አለቀ። «ጋሼ፣ ልቦለድ ለደንበኛ የሚጨመር ምራቂ አይደለም። ሰው የማያጠፋበትን መጽሐፍ ማን ገዝቶ ያነባል? ለሌባው አገር ካጣህለት ጨርቅ ነጋዴ አድርገውና እዚሁ አስቀምጠው» አልኩት። ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከደጄ ሆኜ «አከም ቡልተኒ!» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም ስለው ያልሰማ መስሎ ጨርቅ ያጥፋል።

በአራተኛው ሳምንት ሁለት ገጽ ብቻ ይዞ መጣ። ያን ቀን አልተቀመጠም። በገጹ ላይ አንዲት የገጠር ሴት ለሞተ ልጇ መግነዣ አቡጀዴ ልትገዛ ትመጣለች። ነጋዴው ሲለካላት አንድ ክንድ ያጎድልባታል። እያለቀሰች ስለሆነ ልኬቱን አታይም።

እጄ ቆመ።

ዞር ብዬ ሳየው ደስታ የለበትም፤ ለዓመታት የጠበቀው ነገር መጥቶ ሳለ ፊቱ አመድ መስሏል። «እውነት ነው?» አልኩት።

«የቶላ እናት ናት» አለኝ።

አውቃታለሁ፤ በየገበያው ቀን ከሱቁ አትጠፋም። ተናደድኩበት፤ አሳዘነኝም። «ይህ ቢታተም ማን ከአንተ ጨርቅ ይገዛል?»

«እሱ ይቅር። መጀመሪያ እሷ ትስማው። አማርኛ አታነብምና አንቺ በኦሮምኛ ንገሪልኝ። ከከፋት እቀደዋለሁ።»

በገበያው ቀን የቶላ እናት ሱቁ ውስጥ ጣቃ ጨርቅ ላይ ተቀምጣ ሰማችኝ። እያነበብኩ ወደ ኦሮምኛ መለስኩላት። ጋሼ ዘነበ የመለኪያውን እንጨት ይዞ ወለል ወለሉን ያያል። ስጨርስ ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ቤካን ቱሬ» አለች፤ አውቅ ነበር ማለቷ ነው። «ጨርቁ እግሩን አልሸፍን ሲለኝ ከነጠላዬ ቀድጄ ጨመርኩበት።»

ጋሼ ዘነበ የመለኪያውን እንጨት አስቀመጠ። እኔ ጠየቅኳት። «ታዲያ ሀርሜ፣ እናቴ፣ ለምን ከእሱው ትገዣለሽ?»

«ከዚያ ወዲህ በለካልኝ ቁጥር አንድ ክንድ ትርፍ ይመርቅልኛል። ቀና ብሎ ግን አያየኝም። ምን ጊዜ ይናገር ይሆን እያልኩ እመጣለሁ» አለችና በአገጯ ወደ እሱ ጠቆመች። «ይህንንም ይጻፈው። የልጁን ስም ግን ለምን ተወው? ቶላ ይበለው።»

ጋሼ ዘነበ መጠቅለያ ወረቀት ሳበ። «ቶላ» ብሎ ጻፈ። ሌላም ሊጨምር ነበር፤ እጁ ቆመ።