የተከደነው ሳህን

አክስቴ እኔ የሰጠኋቸውን ካላንደር ወሩ ቢያልፍም አይገልጡትም ነበር። እንጨት ላይ ተቀርጸው የታተሙ የድሮ የጃፓን ሥዕሎች ያሉበት ነው። ሺሺንዳ ያለው ቤታቸው የገባውን ሰው ሁሉ አንዷን ሥዕል ያሳዩታል፤ አንዲት ሴት ገበታ አጠገብ ተንበርክካለች።

«ሰው ቀርቶባታል» ይላሉ። «ያ የተከደነው ሳህን የቀረው ሰው ድርሻ ነው።»

እኔ ቦንጋ ሥዕል አስተምራለሁ። አንድ ቀን እንግዶች ፊት ሳቅሁባቸው። «እትዬ፣ እንደሱ አይደለም። ጃፓኖች ሾርባ ሲያቀርቡ ይከድኑታል፤ በቃ።»

«ይሁን ልጄ፣ የተማርከው አንተ ነህ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሥዕሉ አንስተው አያውቁም።

እሁድ እመጣለሁ እላቸዋለሁ፤ እቀራለሁ። መንገዱ ሩቅ ሆኖ አይደለም።

አክስቴ አርፈው ለቅሶው ላይ ጎረቤታቸው ከጓዳ አንድ ክዳን ያለው ሳህን አወጡ።

«እሁድ እሁድ ያንተን ድርሻ በዚህ ይከድኑልህ ነበር። ሲመሽ ለኔ ልጆች ይሰጡታል።»

ካላንደሩን አሁን የማስተምርበት ክፍል ሰቅዬዋለሁ። ተማሪዎቼ ሳህኑ ለምን እንደተከደነ ሲጠይቁኝ ስለ ጃፓን ሾርባ አስረዳቸዋለሁ። ድርሻው የኔ እንደነበር ግን እስከ ዛሬ አፍ አውጥቼ አልተናገርኩም።