ከተኛ ሦስት ቀኑ

ባለቤቴን አድማሱን መጀመሪያ ያንቀጠቀጠው እሑድ፣ ሩዝ አጨዳ ላይ ነው። እርሱ «ንዳድ ነው» አለ፤ እኔም አመንሁ። ፎገራ ተወልዶ ንዳድ የማያውቅ ማን አለ? ከደጋ ለአጨዳ የወረደው የቀን ሠራተኛችን ይበልጣልም በዚያው ቀን እንዲሁ ሆነ። አራት ቀን አተኩሷቸው ላብ አጠመቃቸውና ለቀቃቸው። ማጭዳቸውን አነሡ።

ሳምንት ሳይሞላ ሁለቱም ወደቁ። ዓይናቸው ቢጫ ሆነ። አፍንጫቸው ደማ። አልቆም አለ።

ራዲዮው ስለ ኢቦላ የሚያወራበት ዓመት ነበር። ከወረታ በአምቡላንስ ሆስፒታል ስንደርስ ከራስ እስከ እግራቸው በፕላስቲክ የተሸፈኑ ሰዎች ተቀበሉን። «የሚያደማ ትኩሳት እንጠረጥራለን፤ አይንኩት» አሉኝ። ለየብቻ አስገቧቸው። ናሙናው አዲስ አበባ ይሂድ፣ ደም እዚህ አይመርመር ተባለ። ባሌን በመስኮት አየሁት። እንባ እንኳ አልመጣልኝም።

ዶክተሩ «ሕመሙ መቼ ጀመረ?» ሲለኝ «ከተኛ ሦስት ቀኑ» አልሁት። እኛ ዘንድ ሰው ታመመ የሚባለው ሲተኛ ነዋ፤ ቆሞ የሚያጭድ ምን ታመመ ይባላል? ይበልጣል ዘመድ አጠገቡ ስላልነበረ ስለ እርሱም እኔን ጠየቁኝ። ያንኑ መለስሁ።

በማግስቱ ይበልጣል ሞተ። ገናዥ አልቀረበውም። በፕላስቲክ ጠቅልለው፣ ክሎሪን እየረጩ ቀበሩት።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ነርስ መጥታ «እትዬ፣ ከዚህ በፊት አተኩሶት ነበር?» አለችኝ። «ባለፈው ሳምንት አተኩሷቸው ተሽሏቸው ነበር። ሁለቱንም» አልኋት። ደንግጣ ዶክተሩን ጠራችው።

«የት ነበር የሚያድሩት?» አለኝ ዶክተሩ።

«እርሻው ጎጆ ውስጥ፣ ባንድ ጋቢ።»

ሊቃጠል የታሰረውን ጋቢ ቢፈቱት ቅማል ወሮታል። ዶክተሩ አስፈቅዶ አንዲት ጠብታ ደም በማይክሮስኮፕ አየ። «ግርሻ ነው፤ ለቆ ተመልሶ የሚይዝ፣ በቅማል የሚተላለፍ ትኩሳት። መድኃኒት አለው» አለኝ።

አድማሱ ፔኒሲሊን ከተወጋ በኋላ አልጋው እስኪነቃነቅ ተንዘፈዘፈ። እንዲህ እንደሚያደርግ አስቀድመው ነግረውኛል፤ ቢሆንም ገደሉት አልሁ። ከዚያ ግን ትኩሳቱ እየወረደ፣ የዓይኑ ቢጫ እየጠራ፣ መጀመሪያ አጥሚት፣ ቀጥሎ ሹሮ እየቀመሰ፣ በሳምንቱ «ጨው አነሰው» ብሎ የሚያማርር ደኅና ሰው ሆነልኝ።

በዚያ ሙቀት በፕላስቲክ ታፍነው ያስታመሙልኝን እግዜር ይስጣቸው። እናንተ አስታማሚዎች፣ ሐኪም ሲጠይቃችሁ ከተኛበት ቀን አትጀምሩ። መጀመሪያ ብርድ ብርድ ካለው ቀን ቁጠሩ። ልብሱንም ቀቅሉ።

የይበልጣል እናት ከአርባው በፊት ከደጋ ወርደው ቤቴ መጡ። «ልጄ ስንት ቀን ታመመ?» አሉኝ።

«አሥራ ሦስት ቀን፣ እማማ» አልኋቸው። በትክክል የቆጠርሁት ያን ጊዜ ነው።