የዘውዱ ትከሻና አረንጓዴዋ ብስክሌት

ዘውዱን ከብስክሌቱ ያወረዱት በዱላ ነው። ከሲሪንቃ ዝቅ ብሎ መንገዱ በሚታጠፍበት ቦታ ሁለት ሰዎች ከቅንጭቡ አጥር ሥር ብድግ አሉና አንደኛው ዱላውን በፊተኛው ጎማ ሽቦዎች መሃል ሰነቀረው። ዘውዱ እግሩን መሬት ለማስረገጥ ሞከረ። አልደረሰለትም። ያ ጥቁር ብስክሌት አንድ ጣልያን ጥሎት የሄደ፣ ለረጅም ሰው የተሠራ ነበር። ዘውዱ ደግሞ ደረተ ሰፊ፣ እግረ አጭር ሰው ነው። ሁልጊዜ መውረድ ሲፈልግ ብስክሌቱን ወደ ግራ ጋደል አድርጎ ይዘል ነበር። የዚያን ቀን ለመጋደል ጊዜ አልሰጡትም፤ በግንባሩ ጠጠሩ ላይ ተተከለ።

ሊነሳ ሲል ዱላው ትከሻው ላይ አረፈ። አጥንቱ ሲሰበር እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ።

"አንተ ነህ አይደል መኪናውን ያስመለጥክብን?" አለ የመታው ሰው።

ዘውዱ ደም የሞላውን ዓይኑን ጠርጎ ቀና ሲል አወቀው። የግራናው ደምሴ ነበር። ከጦር ሠራዊት ከድቶ ከመጣ ወዲህ በሀብሩ ቆላ መንገድ እየጠበቀ የሚዘርፍ፣ እናቶች ልጅ የሚያስፈራሩበት ሰው ነው።

ጠቡ ከሥራ የመጣ ነበር። ዘውዱ ወልድያ ከተማ በአቶ አስፋው ጋራዥ መካኒክ ነው። መኪና መንገድ ላይ ሲቆም የሾፌሩ ረዳት እንደምንም ወልድያ ይደርስና የተሰበረውን ዕቃ ይናገራል። ዘውዱም ምትኩንና መፍቻዎቹን በጆንያ ጠቅልሎ ከብስክሌቱ ኋላ ያስርና ቁልቁል ወደ መርሳ ወይም ወደ ሐራ ይነዳል። ባለፈው ሰሞን እህል የጫነ መኪና መርሳ ሳይደርስ ቆሞ፣ ደምሴና ጓደኛው ጫካ ውስጥ ሆነው እስኪመሽ ሲጠብቁ፣ ዘውዱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደርሶ አስነሳው። መኪናው ሄደ። እነ ደምሴ ጦማቸውን አደሩ።

"ሰው መኪና ይሠራል፤ ምን በደልኩህ?" አለ ዘውዱ።

መልሱ በጫማ ነበር። ጎኑን፣ ሆዱን፣ አፉን ረገጡት። ሁለተኛው ሰው ጭኑን በጩቤ ወጋው። ከዚያ ጆንያውን ወሰዱ፤ ብስክሌቱን ገደሉ ውስጥ ወረወሩት። ከእርሻ የሚመለሱ ሰዎች አግኝተው በቃሬዛ ሲሪንቃ ባያደርሱት ኖሮ እዚያው ደሙ አልቆ ይቀር ነበር።

ይህ የሆነው በ፲፱፻፷፫ ዓ.ም. ነው።

የሲሪንቃው ወጌሻ የሚችለውን አደረገ። ትከሻው ግን ጠምሞ ገጠመ። ቀኝ እጁ ወደ ፊት ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም፤ ትንሽ ከቆየበት ደግሞ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ። ዘውዱ ከመኝታው እንደተነሳ ጥቁሩን ብስክሌት ከገደል አስወጥቶ አቀናና ወጣበት። ከወልድያ ሳይወጣ እጁ መሪውን ለቀቀ፤ ሄዶ ከአጥር ጋር ተላተመ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ጊዜ መዶሻ አነሳና ጋራዡ በር ላይ ብስክሌቱን ይቀጠቅጠው ጀመር። ፋኖሱ ረገፈ፣ ጎማው ተጣመመ፣ ኮርቻው ተገነጠለ። ሠራተኞቹ ሊይዙት ፈርተው ዳር ቆሙ።

አቶ አስፋው ከውስጥ ወጡ። "ብረቱ ምን አደረገህ?" አሉት።

"እሱ ነው የጣለኝ።"

"የጣለህ ደምሴ ነው።"

"ለደምሴም ይደርሰዋል፣ ጋሼ። ፈጣን ብስክሌት ብቻ ይግዙልኝ፤ ይደርሰዋል።"

አቶ አስፋው መዶሻውን ከእጁ ወሰዱ። ከእሱ ሌላ ያንን መንገድ የሚደፍር መካኒክ ስለሌላቸው ብስክሌት መግዛታቸው አልቀረም።

ቤት ሲገባ ወሬው ቀድሞት ሚስቱ እልፍነሽ ጋ ደርሶ ነበር። የቀሚሷን ጫፍ ወገቧ ላይ ሻጥ አድርጋ ፊቱ ቆመች።

"የሚገዛልህ ብስክሌት ለሥራ ነው ወይስ ለደም?"

"ለሁለቱም።"

"እንግዲያው መቃብርህንም አብረህ ለካ" አለችና ጀርባዋን ሰጠችው።

ደሴ የሄዱት ከአቶ አስፋው ጋር ነው። ጋሽ ሙላቱ የሚባሉ፣ አስመራ ሥራውን ተምረው የመጡ ብስክሌት ሻጭ ነበሩ። ሱቃቸው ደጃፍ ላይ አንዲት ቀይ ኮርሳ ተሰቅላለች። መሪዋ እንደ በግ ቀንድ የጎበጠ፣ ጎማዋ የቀጠነ፣ የተወዳዳሪዎች ብስክሌት ነበረች። ዘውዱ ገና ሲያያት ልቡ ተሰረቀ። በእሷ ላይ ሆኖ ደምሴን ሲያባርር፣ ደርሶም ሲጥለው በዓይነ ኅሊናው አየ።

"እሷ ለአንተ አትሆንም" አሉ ጋሽ ሙላቱ፣ ከእግሩ እስከ ትከሻው አይተውት። "ረጅም ናት። መሪዋን ለመያዝ መተኛት አለብህ። ያ እጅ ደግሞ አይተኛልህም።"

"ይሞክራታ!" አሉ አቶ አስፋው።

ዘውዱ ወጣባት። የፒያሳውን ቁልቁለት ሲይዝ እንደ ወፍ ቀለለችው፤ ነፋሱ ጆሮው ላይ ፉጨት ሆነ። ቁልቁለቱን ሳያጋምስ ግን ትከሻው ነደደ፤ ጣቶቹ ደነዘዙ። ፍሬኑን ልጫን ቢል እጁ አልታዘዘውም። ከሰል የጫነች አህያ ከመንታ መንገድ ብቅ አለች። ዘውዱ ከእነ ብስክሌቱ ሆዷ ሥር ገባ። ከሰሉ ተበተነ፣ አህያዋ አናፋች፣ ባለቤቷም ሳይጠይቅ ሳይመረምር በያዘው ሽመል ጀርባውን ይቀጠቅጠው ጀመር። ዘውዱ በጤነኛው እጁ ሽመሉን ቀምቶ ሰውየውን አፍንጫው ላይ መታው። ሰዎች ገላገሏቸው እንጂ እዚያው አንዳቸው ይቀር ነበር።

ፊቱ ከሰል፣ ሸሚዙ ደም ሆኖ ሲመለስ ጋሽ ሙላቱ አልሳቁም። ከጓዳ አንዲት አረንጓዴ ብስክሌት ገፍተው አወጡ። እሷም ቀላል ናት፤ ማርሽ አላት፤ ግን አጠር ያለች፣ ቀለሟም እዚህም እዚያም የተላጠ ነበር።

"ና፣ አግዳሚውን ብረት በሁለት እግርህ መሃል አድርገህ ቁም" አሉት። "ሁለቱም እግርህ መሬት ነክቷል?"

"ነክቷል።"

"ብረቱስ ጭንህን ነክቶሃል?"

"አልነካኝም።"

"እሺ። አሁን ውጣና ግድግዳውን ደገፍ በል። ተረከዝህን ታች ባለው ፔዳል ላይ አድርግ። እግርህ ቀጥ ይበል እንጂ አይንጠራራ።" ኮርቻውን ዝቅ አደረጉለት፤ ደግሞ ወደ ፊት ገፋ አደረጉት። መሪውን ፈትተው በአጭርና ከፍ ባለ ሌላ ለወጡት። "ክርንህ ትንሽ ይታጠፍ። መንገዱ ሲነቀንቅህ ንቅናቄውን የሚበላው ክርንህ ነው፤ ቀጥ ካለ ግን ትከሻህ ይበላዋል።" በመጨረሻም የፍሬኑን እጀታ ዘውዱ ባይዘረጋም ጣቱ በሚደርስበት ቦታ አሰሩለት።

ዘውዱ ያንኑ ቁልቁለት ወረደ። ታች ደርሶ ፍሬኑን ያዘና ሁለት እግሩን መሬት ላይ አሳረፈ። እጁን ጨበጥ ዘርጋ አደረገው፤ አልደነዘዘም። ቀና ብሎ ቀይዋን አንድ ጊዜ አያትና "ይችን ነው የምወስደው" አለ። ድምፁ ግን የተደሰተ ሰው ድምፅ አልነበረም።

በአረንጓዴዋ ወደ ሥራው ተመለሰ። ረጅሙን መፍቻ ከኋላ ማሰር ትቶ እጁ በቀላሉ እንዲያገኘው ከአግዳሚው ብረት ሥር አሰረው። በየመታጠፊያው ደምሴን ይፈልገዋል። አንድ ቀን ከመርሳ በላይ ሁለት ሰዎች ድንጋይ ይዘው ሊያስቆሙት ቢሉ፣ በሁለት እግሩ ቆሞ አንደኛውን ጉልበቱ ላይ በመፍቻው ጣለው፤ ሌላው ሸሸ። የወደቀውን ፀጉሩን ይዞ ፊቱን ወደ ብርሃን አዞረው። ደምሴ አልነበረም። ገፍቶ ትቶት ሄደ።

ከዚያ ሰማዩ ነጠፈ። በስልሳ አምስት ዓ.ም. የቆላው ማሽላ በቁመቱ ደረቀ፤ ከብቱ አለቀ፤ ሰው ከየቀበሌው ነቅሎ አስፋልቱ ዳር ተኮለኮለ። ዘውዱ ከወልድያ ሲወርድ ያያቸው ሰዎች ሲመለስ እዚያው እንደተቀመጡ ይጠብቁታል፤ አንዳንዶቹ ሞተው ነበር።

በዚያው ዓመት አዳነ የሚባል ሾፌር እህል ጭኖ መርሳ መግቢያ ላይ ቆመበት። የሞተሩ ቺንጋ፣ የሚያሽከረክረው የላስቲክ ቀበቶ፣ ተበጥሶ ነው። ዘውዱ አዲሱን ቺንጋ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ሲደርስ ጩኸቱን ከሩቅ ሰማው። የራበው ሕዝብ መኪናው ላይ ወጥቶ ጆንያ ይቀዳድዳል። አዳነና የእህሉ ጠባቂዎች በዱላና በብረት ይቀጠቅጡታል። አንዲት ሴት ጥርሷ ረግፎ አፈር የተቀላቀለ እህል ትቅማለች። አንድ ሽማግሌ ጎማው አጠገብ በግንባራቸው ተደፍተዋል፤ ማንም አላነሳቸውም።

"ዘውዱ! ና! ያንተ ሰው እዚህ አለልህ!" ብሎ ጮኸ አዳነ። ከመኪናው ሥር ያለውን ሰው በብረቱ ያመለክታል።

ደምሴ ነበር። ከኋላው ጎማ ሥር ተወሽቋል፤ ቀኝ እጁ ጎማውን ጨብጧል።

ዘውዱ ፍሬኑን ያዘ። ሁለት እግሩ መሬት ነካ። መፍቻውን ፈታ። ሄደና የደምሴን እጅ ከጎማው ብረት ጋር አድርጎ መታው። አጥንቱ ሲደቅ በመፍቻው ውስጥ እስከ ራሱ ክንድ ተሰማው።

ደምሴ አልጮኸም። ዘውዱ መፍቻውን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያነሳ ጎንበስ ብሎ አየው። ሰውየው አፉ እስኪያብጥ ጥሬ ማሽላ ሞልቶ ያኝካል። እጁ ተደቁሶ ተንጠልጥሏል፤ እሱ ግን ያኝካል። ራሱን ለመከላከል እንኳ ክንዱን አላነሳም። ሊመታኝ ነው ብሎ ሳይሆን፣ ሳልውጠው ልሞት ነው ብሎ የሚቸኩል ይመስል ነበር።

የዘውዱ ክንድ አየር ላይ ቀረ። አዳነ ከጎኑ መጥቶ በብረቱ የደምሴን ጭንቅላት ሊል ሲቃጣ፣ ዘውዱ ጤነኛ ትከሻውን አስገባበት። ብረቱ አጋድሞ ጣለው። ተነሣና አዳነን አንቆ ከመኪናው ጎን ጋር አላተመው።

"በቃ!"

"ትከሻህን የሰበረህ እሱ አይደለም?"

"ነው።"

"ታዲያ?"

"በቃ አልኩህ!" ቺንጋውን ከትከሻው አወለቀና ከፍ አድርጎ ያዘው። "ከእንግዲህ አንድ ሰው ብትመቱ ይሄንን በቢላ ቆራርጬ እጥለዋለሁ። እዚሁ አብራችሁ ታድራላችሁ።"

አዳነ ቺንጋውን አየ፤ ሕዝቡን አየ። ብረቱን ጣለ። ጠባቂዎቹም ዱላቸውን ዝቅ አደረጉ። ሕዝቡ የፈሰሰውን እህል ከአፈር ጋር እየዛቀ ራቅ አለ። ዘውዱ ቺንጋውን አሰረ፤ መኪናው ተነሳ፤ አዳነ "እግዜር ይስጥልኝ" ሳይል ሄደ። ሽማግሌውን የመርሳ ሰዎች አንሥተው ቀበሯቸው።

ዘውዱ ደምሴን የብስክሌቷ አግዳሚ ብረት ላይ በጎን አስቀመጠው። ክብደቱ የአንድ ጆንያ ገለባ ያህል አይሆንም። እየገፋ መርሳ ወዳለ ወጌሻ ወሰደው። መንገዱን ሲያጋምሱ ደምሴ ተናገረ።

"ለምን አልጨረስከኝም?"

"አላውቅም።"

"እኔ ብሆን እጨርስህ ነበር።"

"አውቃለሁ" አለ ዘውዱ።

ደምሴ አልሞተም። እጁ ግን እንደ ደረቀ ቅርንጫፍ ተኮማትሮ ቀረ። ዝናቡ ሲመለስ የግራና ሽማግሌዎች ነገሩ ወደ ወንድምና ወደ አጎት ሳይሻገር ብለው ሁለቱንም ጠሩ። ዘውዱ በአረንጓዴዋ ሄደ። ዛፍ ሥር ተቀምጠው ትከሻም እጅም ታየ፤ ማን ቀድሞ እንደመታ ተነገረ። ደምሴ "ቀድሜ የመታሁት እኔ ነኝ" አለ። ዘውዱም "ጎማ ሥር ወድቆ ሳለ የመታሁት እኔ ነኝ" አለ። ሽማግሌዎቹ ድንጋይ አሸክመው ይቅር አባባሏቸውና ንፍሮ ቀረበ።

ዘውዱ ከንፍሮው በእጁ ዘግኖ ወደ ደምሴ አፍ ዘረጋ። ደምሴ ፊቱን አዞረ።

"ታርቄያለሁ" አለ። "ከእጁ ግን አልጎርስም።"

ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። የደምሴ እናት፣ እማማ አለሚቱ፣ ከኋላ መጥተው ልጃቸው አጠገብ ተቀመጡና በእጃቸው ያጎርሱት ጀመር። እሱም ይህን ያህል ሰው የፈራው ሰውዬ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ከእናቱ እጅ በላ። ዘውዱ የዘገነውን ራሱ ቃመው።

ወልድያ ሲደርስ እልፍነሽ ደጃፍ ላይ ነበረች።

"ታረቃችሁ?"

"ታረቅን።"

"አጎረስከው?"

"አልጎረሰልኝም።"

እልፍነሽ ብስክሌቷን ተቀብላ ግድግዳው ላይ አስደገፈችለት። "እኔም ብሆን አልጎርስም ነበር" አለችና፣ ትከሻውን ልታሽለት ቅቤ ፍለጋ ወደ ውስጥ ገባች።